ልጅቷ አትዞርም

ነቀምቴ ውስጥ ዘርፈሽን የማያውቅ ካለ፣ ወይ ትናንት በአውቶቡስ የገባ ነው፣ ወይ ከእሷ የሚደብቀው ነገር አለው። እኔ ወለላ እባላለሁ። በሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ከእሷ ጋር ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ገጥመን እንሠራለን። ሰው ስለ እሷ ሲጠየቅ "ቁጡ ናት" ይላል። እንዲህ የሚሉት ግን አብዛኞቹ የተቆጣቻቸው ሰዎች ናቸው፤ እነሱን ምስክር አድርጎ መቁጠር ደግሞ ደግ አይደለም። እኔ የማውቃትን ልንገራችሁ።

አጭርና ደንዳና ናት። የትም ስትሄድ ድምጿ ቀድሟት ይገባል። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ባኬ ጃማ ሰፈር ነው። ባሏ ባቻ ልብስ ሰፊ ነው፤ ዝምተኛ ሰው፤ "እግዜር የሁለታችንንም ንግግር ለእሷ ሰጥቷታል" እያለ ይስቃል። ቸርቻቸው ውስጥ ትዘምራለች። አንድ እሑድ ሰባኪው ስለ ሴት ልጅ ትሕትና ሲያስተምር ከመዘምራኑ መሃል ተነሥታ "የወንድ ልጁ መቼ ነው?" ብላ ጠይቃለች ይባላል። እኔ ኦርቶዶክስ ስለሆንኩ በቦታው አልነበርኩም፤ ግን አላደረገችውም ብላችሁ ብትምሉልኝ አላምናችሁም።

ወደ ቢሯችን ከመምጣቷ በፊት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዩኒት መሪ ነበረች፤ የቀረ ተማሪ የምትከታተል፣ ያረፈደውን በር ላይ የምታስቆም። ወንዶቹ ሲቀሩ ምክንያቱ ይታወቃል፤ ወይ እርሻ ነው ወይ ኳስ። ሴቶቹ ሲቀሩ ግን አፉን የሚከፍት የለም። ዘርፈሽ ቤታቸው ድረስ ሄዳ ታንኳኳለች። "ታማለች" ይሏታል። "ምን አመማት?" ስትል በሩ ይዘጋል። እያደር ያ የሚዘጋ በር አናደዳት፤ ሥራዋን ለቅቃ ወደ እኛ ያመጣትም እሱ ነው።

ስትመጣ የነበረው አሠራር እንዲህ ነበር። የተደፈረች ልጅ ቀበሌ ትሄዳለች፤ ቀበሌው ወደ ፖሊስ ይልካታል። ፖሊሱ ቃሏን ይቀበልና ወደ ሕክምና ይልካታል። ሕክምናው "የፖሊስ ደብዳቤ የታለ?" ይልና ይመልሳታል። ከዚያ ወደ ዐቃቤ ሕግ። በየበሩ አንድ ጥያቄ አለ፤ "ምን ሆነሽ ነው?" አንዳንዴ ዘበኛው ሁሉ ይጠይቃል። ሰነፍ ሰው ያወጣው አሠራር አይመስለኝም፤ ይህን ያህል ለማንከራተት እኮ ራሱን የቻለ ትጋት ይጠይቃል።

ዘርፈሽ ከአንዲት ልጅ ጋር ያንን ዙር በእግሯ ዞረችው። ልጅቷ ከገበያ ስትመለስ ነበር የተደፈረችው። ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ጉዳያቸውን ይዘው የተሰለፉ ወንዶች እየሰሙ ተናገረች። ሕክምናው ጋ ተናገረች። ተመልሳ ተናገረች። በመጨረሻ ዐቃቤ ሕግ ጋ ሲደርሱ "ሰኞ ተመለሱ" ተባሉ። ደረጃው ላይ ልጅቷ ቆመችና "አሁንም ሌላ ቤት አለ?" ብላ ጠየቀቻት። ሰኞ አልመጣችም። ቤተሰቧ ጊምቢ ዘመድ ጋ ላኳት። ሰውዬው ዛሬም ገበያ ውስጥ ጨው ይሸጣል፤ እኔ ከእሱ አልገዛም፣ እናንተም አትግዙ ብዬ ስሙን እዚህ ባሰፍር ደስ ባለኝ።

የዚያን ዕለት ዘርፈሽ ቢሮ ገብታ አልተቀመጠችም። ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች "ከእንግዲህ ልጅቷ አትዞርም" አለች። "እነሱ ይዙሩ። እግር አላቸው፣ ሞተር አላቸው፣ ደመወዝ አላቸው። ልጅቷ አንድ ቦታ ትቀመጣለች፤ ፖሊሱም፣ ነርሷም፣ ዐቃቤ ሕጉም ወደ እሷ ይመጣሉ። አንድ ጊዜ ትናገራለች፣ ሁሉም አብረው ይሰማሉ።"

ሐሳቡን የሰማ ሁሉ ወደደው። ነቀምቴ ውስጥ ሐሳብ መውደድ ቀላል ነው፤ ማክያቶ እየጠጡም ይወደዳል። የሚከብደው ከወንበር መነሣቱ ነው።

በመጀመሪያ ክፍል ለመነች። አንድ ጤና ጣቢያ ከማዋለጃው ጀርባ የተሰባበረ አልጋ የሚጣልበትን መጋዘን "ከፈለግሽ ውሰጂው" አላት፤ እንደማትፈልገው እርግጠኛ ሆኖ መሰለኝ። አልጋዎቹን እኔና እሷ ነን ያወጣናቸው። ግድግዳውን ቀባችው፣ ባቻ መጋረጃ ሰፋ፣ ወንበር ከየቢሮው አሰባሰብን። ጠረጴዛ እንዳይገባ ከለከለች። "ጠረጴዛ ካለ አንዱ ዳኛ ሌላው ተከሳሽ ይመስላል" አለች። ቁልፉ ደግሞ ከውስጥ የሚቆለፍ ሆነ፤ ልጅቷ ራሷ እንድትቆልፈው።

ነርስ ሜቲ ሳትለመን መጣች። ሜቲ በሥራ ዘመኗ ያየችውን አይታለች፤ "እስካሁን የት ነበራችሁ?" ነው ያለችን። የፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍሉ ሳጅን ሮቤራ ግን መለዮውን ለብሶ፣ ዱላውን ይዞ ከች አለ። ዘርፈሽ በር ላይ ባቻ የሰፋውን ግራጫ ካፖርት ይዛ ጠበቀችው።

"ሳጅን፣ ሜ፣ እስቲ ይቺን ደርብ" አለችው።

"አዴ ዘርፈሽ፣ እኔ እኮ ፖሊስ ነኝ።"

"ኤዬ፣ አውቃለሁ። ልጅቷም ታውቃለች። እስክትለምድህ ድረስ ግን አጎት ሁንላት።"

ሮቤራ ቁመታም ነው፤ ባቻ ደግሞ በራሱ ልክ ነበር የሰፋው። እጅጌው ክርኑ ላይ ቀረ። ተናደደ፣ ነገር ግን ለበሰው፤ ያን ቀን የመጣችው ትንሽ ልጅ አይታው ፈገግ ስላለች ከዚያ በኋላ ማንም ሳይነግረው መልበስ ጀመረ።

ያስቸገረው ዐቃቤ ሕጉ ነው፤ ኦቦ ደረሳ። ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ፣ ንግግሩ የተለካ ሰው። "መዝገብ ወደ እኔ ይመጣል እንጂ እኔ ወደ መዝገብ አልሄድም" አለ። ዘርፈሽ አልተከራከረችውም። ሄዳ በሩ ላይ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና መዝሙር ጀመረች። ዘርፈሽ በመዘምራኑ ውስጥ አልቶ፣ የወፍራሙ ድምፅ ዘማሪ ናት፤ የቢሮው ግድግዳ ደግሞ ስስ ነው። ባለጉዳዩ ሁሉ መሳቅ ጀመረ፣ አንዲት ሴትዮም አጀበቻት። ሁለተኛው መዝሙር ሳያልቅ ደረሳ ኮቱን ይዞ ወጣ። "ይሄ ሥራ ማደናቀፍ ነው፣ በሕግ ያስጠይቃል" አላት። "በባጃጅ እየሄድን ትጠይቀኛለህ" አለችው።

እንዲህ እያለች አስለመደቻቸው። በማግስቱ "አንዲት ትንሽ ጥያቄ ነበረችኝ" ብሎ የሚመጣ ካለ "ትናንት ጆሮህ የት ነበር?" ትለዋለች። ከዚያ ወዲያ ሁሉም በጥሞና መስማት ለመደ፤ ሁለተኛ ዕድል እንደሌለ ያወቀ ሰው ጥሩ ይሰማል።

አንድ ችግር ግን በከተማ ስብሰባ የሚፈታ አልነበረም። የእኛ ሰው፣ ኦሮሞውም አማራውም፣ ሰው ፊት ቆሽሾ መቅረብን ነውር ያደርገዋል። ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው ይታጠባል፣ ጸጉሩን ቅቤ ይቀባል፣ የበዓል ልብሱን ይለብሳል። እናቶች የተደፈረች ልጃቸውን ውኃ አሙቀው አጥበው፣ ልብሷንም አጥበው አስጥተው ያመጧታል፤ ማስረጃውም ከእጣቢው ጋር ይደፋል። ዘርፈሽ በጉቶ ጊዳ ወረዳ ገበያዎች፣ ወፍጮ ቤት ጥላ ሥር፣ ቸርች በር ላይ እየቆመች "ሂን ዲቀቲን፣ አትታጠቡ፣ እንዳላችሁ ኑ" እያለች ትሰብክ ጀመር። መጀመሪያ እንደ እብድ አዩዋት። ልጆች "ሂን ዲቀቲን መጣች" እያሉ ይከተሏታል። "ሰፈሩ ሁሉ ውኃ የምትጠላ ሴት ነው የሚለኝ" ብላ ትስቃለች፤ እኔ ግን ስሟን ስላስታወሱት ደስ ይለኝ ነበር፤ የሚያስታውሱት ለሚያስፈልግ ቀን ነውና።

አሁን ወደ ኢማን ልግባ።

ኢማን የሰፋሪ ልጅ ናት፣ እንደ እኔ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተጭነው እዚህ የሰፈሩ ቤተሰቦች ልጅ። አባቷ ሃሩን ጉቶ ጊዳ ውስጥ በቆሎና ጤፍ ያርሳል። ኢማን ዘጠነኛ ክፍል ስትደርስ ገጠሩ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለሌለ ከተማ ቤት መከራየት ግድ ሆነ። ሃሩን ብዙ ግቢ አየ፤ ጠንካራ በር ያለው፣ ሴት አከራይ ያለችበት፣ ለትምህርት ቤቱ የቀረበ። ሁሉንም ትቶ የአገሩን ልጅ ቤት መረጠ። ሰውዬው አባቱ ከሃሩን አባት ጋር በአንድ መኪና የመጣ፣ በአንድ መቃብር ቦታ የሚቀብር፣ ሃምሳ የደፈነ ባለሱቅ ነው። ይህን ስሕተት የምንሠራው እኛ ነን። ሴት ልጃችንን ከተማ ስንልክ የምናየው መቆለፊያውን ሳይሆን የባለቤቱን አገር ነው።

ያ የአገር ልጅ ደፈራት።

በማግስቱ ገበያ ነበር፤ እናቷ ሩክያ እንቁላል ይዛ መጣች፣ ልጇን ለማየት ጎራ አለች፣ ኢማንም ነገረቻት። ሩክያ እንቁላሉን እዚያው ጥላ ልጇን ከዚያ ግቢ አወጣች፤ ከቀትር በኋላ ይዛት ወደ እኛ መጣች። ሰኔ ነበር፣ ዝናቡ ያወርደዋል። በሩን ስከፍት ኢማን ታጥባ፣ ቅቤ ተቀብታ፣ አዲስ ሻርፕ ለብሳ ቆማለች።

ሩክያ ገና ከመቀመጧ ለዘርፈሽ "ስምሽን ሰምቻለሁ፤ እንዳትታጠብ እንደምትዪ አውቃለሁ" አለቻት። "ግን እህቴ፣ እንዴት እንዲያው ላምጣት? ልጄ እኮ ናት።"

ዘርፈሽ ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጣችም። ከእኔ የለመደችውን የወሎ ቃል አውጥታ "አብሽሪ" አለቻት። "እናት ያጠበችውን ማንም አይወቅስም። ልጅቷ አፍ አላት።" ከዚያ ወደ ውጭ ወጥታ ስልኳን አነሣች፤ እዚያ ግን በደንብ ስትጮህ ሰማኋት።

ሦስቱም በዝናቡ ደረሱ። ሮቤራ ካፖርቱን ደረበ። ደረሳ ጫማው በጭቃ ተለውሶ ነበር፣ አላየውም እንኳን። ኢማን በሩን ራሷ ቆለፈችና ተናገረች። እኔ እጇን ይዤ ነበር። የተናገረችውን እዚህ አልጽፍም። ለሚመለከታቸው ተናግራለች፤ እናንተን አይመለከታችሁም። እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ስትጨርስ ሜቲ መድኃኒቷን ይዛ ከፊቷ ተንበረከከች፣ ሮቤራም ተነሥቶ ወጣ። ሳይመሽ ሰውዬው ማረፊያ ቤት ገብቶ ነበር።

ሃሩን በማግስቱ ቢሯችን መጣ። ረጅም፣ ልበ ለስላሳ ሰው ነው። እንደቆመ አለቀሰ። "አደራ" አለን፣ የዘርፈሽን እጅ ሳመ። እኔም አብሬው አለቀስኩ።

ከዚያ ሳምንት እንኳን ሳይሞላ ሌላ ሰው ሆኖ ተመለሰ። ዓይናችንን አያይም።

"ክሱን ተዉልኝ" አለ። "ነገሩን አበጋሩ ይዘውታል። ካሣ ይከፍላል። ልጅቷም ስትደርስ ያገባታል።"

"ማን ነው የሚያገባት?" አለች ዘርፈሽ።

"ያው እሱ።"

"ኦቦ ሃሩን፣ ቤትህን ሰብሮ የገባውን ሌባ ቁልፉን ትሰጠዋለህ?"

"አንቺ የኛ ሰው አይደለሽም፣ አይገባሽም" አላት። "እኛ እዚህ አገር ጥቂት ነን። ገመናችንን ሰው ፊት ካወጣን ምን ይቀረናል? ነገ በምን ዓይን እንተያያለን?" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "አንቺስ ወለላ? የሰፋሪ ልጅ ነሽ። አባትሽ ይሄን ቢሰማ ምን ይላል?"

"አባቴ ይስማ" አልኩት። "ጥቂት ከሆንን ልጆቻችንም ጥቂት ናቸው ማለት ነው። እንዴት እንዲህ ትበትናቸዋለህ?"

ዞሮ ወጣ።

አበጋር ማለት ከወሎ ይዘነው የመጣነው የሽምግልና ሥርዓት ነው፤ ሽማግሌውም አበጋር ይባላል። እኔ አልንቀውም። ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን በአንድ ጀንበር ሲያስታርቅ አይቻለሁ፤ መንግሥት በዓመት የማይሠራውን። ነገሩ የሚታሰረው በዱአ ነው። ሽማግሌው እጁን ዘርግቶ ይለምናል፣ የበዳይም የተበዳይም ወገን እጁን ዘርግቶ "አሚን" ይላል፣ ሽማግሌው መዳፉን ፊቱ ላይ ያብሳል፣ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ነገሩን ያነሣ የዱአው እርግማን አለበት።

ደረሳ ጉዳዩን በግልጽ አስረዳን። ክሱ የመንግሥት ነው፣ አባት ስለፈለገ አይቋረጥም። ነገር ግን ልብሱ ታጥቧል፣ ሌላ ያየ ሰው የለም። ኢማን ፍርድ ቤት ቀርባ ዳግመኛ ካልተናገረች ሰውዬው ነፃ ይወጣል። ይህቺን ሁለተኛ ጊዜ ዘርፈሽ ልታስቀራት አልቻለችም፤ ዳኛን በባጃጅ ማምጣት አይቻልም። በዚያው ቀን ሩክያ በጎረቤት ስልክ ደወለችልኝ። ኢማንን ከከተማ አውጥተው ቤት አስገብተዋታል። ዓርብ ዱአ ነው፤ ዱአው እንደተዘጋ ወሎ አክስቷ ጋ ትላካለች።

ለዘርፈሽ ነገርኳት። ጥቂት አሰበችና "ዱአ ላይ እንግዳ ይገባል?" አለችኝ።

"ዱአ ላይ የመጣ ሰው አይመለስም" አልኳት።

ገና ዓረፍተ ነገሬን ሳልጨርስ እየደወለች ነበር።

ዓርብ አምስት ሆነን በአንድ ባጃጅ ሄድን። ሮቤራ ከሾፌሩ ጎን ግማሹ ውጭ ሆኖ፤ ሜቲ እኔ ላይ ተቀምጣ፤ ደረሳ ጥግ ላይ ተጣብቆ። ከአስፋልቱ ከወጣን በኋላ ጭቃው ያዘን። ወርደን ገፋን፤ የመንግሥት ዐቃቤ ሕግ ባጃጅ ሲገፋ ያየሁት ያን ቀን ነው። ዘርፈሽ ከኋላ ሆና ታዝዛለች። ደረሳ "በየትኛው የሕግ አንቀጽ ነው ይሄን የምሠራው?" ሲል ሮቤራ ሳቁን መያዝ አልቻለም።

የሃሩን ግቢ ሞልቷል። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላ ወገን፣ መሃል ላይ ጫት በሳፋ። አበጋሩ ጢማቸው የነጣ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሽማግሌ ናቸው። ሲያዩን ግቢው አጉረመረመ፤ እሳቸው ግን "እንግዳ ነው፣ ቦታ ስጡ" አሉ። ደረሳ ከነኮቱ ቁርበት ላይ ተቀመጠ። ዘርፈሽ ከሴቶቹ ጋር ከሩክያ አጠገብ ተቀመጠች። ኢማን ቤት ውስጥ ናት፤ በሩ ገርበብ ብሏል።

ደረሳ አስፈቅዶ ሕጉን ተናገረ፤ ጥሩ አድርጎ ተናገረ። አበጋሩ እስኪጨርስ ሰሙትና "ልጄ፣ ልክ ነህ" አሉት። "ግን አንተ ማታ ወደ ከተማ ትሄዳለህ። እኛ እዚሁ ነን። ነገ ስንጣላ፣ ስንቀባበር አንተ የለህም።" ደረሳ ዞሮ ዘርፈሽን አያት። እውነቴን ነው፣ እኔም ዞሬ አየኋት።

ዘርፈሽ ተነሣች። "አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?"

"ጠይቂ።"

"ልጅቷን ጠይቃችኋታል?"

"ልጅ በእንዲህ ያለ ነገር አትጠየቅም። ወላጅ አላት።"

"ስንት ወላጅ አላት?"

"ሁለት።"

"ሁለቱንም ጠየቃችሁ?"

ከወንዶቹ ወገን አንዱ የሰውዬው ዘመድ "የሴት ቃል አሚን ነው፣ እሱን ደግሞ ትላለች!" ብሎ ጮኸ። አበጋሩ በእጃቸው ዝም አሰኙት። ከዚያ እጃቸውን ለዱአ ዘረጉ። ግቢው ሁሉ ዘረጋ። ዱአው ተጀመረ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አዝመራው፣ ስለ ጎረቤት ፍቅር፣ በመጨረሻም ስለ ይቅርታ። "አሚን" አለ ወንዱ። "አሚን" አለ ሃሩን፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ። "አሚን" አሉ ሴቶቹ።

አበጋሩ ወደ ሴቶቹ ተመለከቱ። የሩክያ እጆች ጭኗ ላይ ናቸው።

"ሩክያ፣ እጅሽን አንሺ" አሉ፣ በቁጣ ሳይሆን።

"አላነሣም።"

"ሩክያ!" አለ ሃሩን።

ሩክያ ተነሣች። ስትናገር ያያት ያቺ እንቁላል ይዛ የምትመጣ ሴት ናት ቢሉት አያምንም። "ወላሂ አላነሣም!" አለች። "እኔን በኢማን ዕድሜ ኸጉድጓድ ውኃ ስቀዳ ነው የወሰዱኝ። በሦስተኛው ቀን እንዲህ ተሰበሰቡ። እኔ እጄን አላነሣሁም፤ አክስቴ ናት ይዛ ያነሣችልኝ፣ አባቴ ነው አሚን ያለልኝ። እሺ አልኩ፣ ኖርኩ፣ ወለድኩ። የልጄን እጅ ግን ማንም አያነሣውም። ኢማን ወሎ አትሄድም። ፍርድ ቤት ትሄዳለች፣ ትናገራለች። እርግማኑ ካለ በኔ ላይ ይሁን!"

ሩክያን ከውኃው መንገድ የጠለፋት ማን እንደሆነ በግቢው ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ሃሩን ነው። በዚያ ዘመን እንዲያ ነበር የሚጋቡት፣ ማንም ጥፋት አላለውም። ሃሩን መሬት መሬት ያይ ነበር።

የሰውዬው ዘመዶች ተነሥተው ጮሁ። "ዝጉት! ሴት አልፈለገችም ተብሎ ዱአ ይቀራል እንዴ?" ሮቤራም ተነሣ። ከሩክያ ጎን የተቀመጡ አሮጊት ግን የዘረጉትን እጅ ወደ ነጠላቸው መለሱ። የሌሎቹ ሴቶችም እጅ ወረደ። አበጋሩ እጃቸው በአየር ላይ እንዳለ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ፊታቸውን ሳያብሱ አወረዱት።

"አልተዘጋም" አሉ። "ያልተባለ አሚን ተብሏል ብዬ አላህ ፊት አልዋሽም። ወደየቤታችሁ ሂዱ።"

ኢማን በሩን ከፍታ ወጣች፣ እናቷ ጎን ቆመች። ዘርፈሽ እንደ ልማዷ አንድ ነገር ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ሻርፗን ዓይኗ ላይ ይዛ ነበር።

ኢማን በዝግ ችሎት ቀርባ ተናገረች። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም አለኝ ደረሳ፤ የሱ ድምፅ ግን ሲነግረኝ ተንቀጥቅጧል። ሰውዬው ጥፋተኛ ተብሎ ተፈረደበት። ከዚያ ወዲህ ሩክያን ገበያ ውስጥ ሰላም የማይሏት አሉ፤ እሷም አልፋቸው ትሄዳለች፣ እንቁላሏንም ትሸጣለች። ዘርፈሽም ያው ናት፤ በዚህ ሳምንት ደግሞ ጊምቢ ሄዳ እዚያ ያሉትን ቢሮዎች እንዴት እንደሚያዞሯቸው ሴቶቹን እያስተማረች ነው። አቤቱታ መጥቶባታል አሉ፤ ጎሽ።

ፍርዱ በተሰጠበት ቀን ከችሎቱ ስንወጣ ሃሩን ከሩክያ ኋላ ኋላ ይሄድ ነበር። ከዚያ ዱአ ወዲህ ስለ ጠለፋው አልተነጋገሩም ነበር መሰለኝ። የግቢው በር ጋ ስንደርስ ጠራት። እኔና ዘርፈሽ ትንሽ ፈቀቅ አልን፣ ግን ይሰማል።

"ሩክያ" አላት። "ያኔ... የእኛን ዱአ ሲዘጉት፣ አሚን ብላለች ብለውኝ ነበር። ፈቅደሽ መስሎኝ ነበር የኖርኩት።"

ሩክያ ዞራ አየችው።

"ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ጣራ ሥር ነበርኩ" አለችው። "አንድ ቀን አትጠይቀኝም ነበር?"

ሩክያ ትንሽ ጠበቀችው፣ ከዚያ የኢማንን እጅ ይዛ ወደ ባጃጁ ሄደች።